ልጁ የሚያነበው፣ ለልጁ የሚነበብለት፦ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል መጽሐፍ አመራረጥ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ መጽሐፍ ሊገዛ የገባ ወላጅ ሻጩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለ3ኛ ክፍል የሚሆን አለ?» ሻጩም ሽፋኑ ላይ የልጅ ሥዕል ያለበትን አንስቶ ይሰጣል። መጽሐፉ ቤት ገብቶ ሁለት ቀን ይገላበጥና ቴሌቪዥን ሥር ይቀራል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የተገዛለት ወይ ሌላ ሰው ሲያነብለት ብቻ የሚገባው መጽሐፍ ነው፣ ወይ ከሁለት ዓመት በፊት ያለፈው።

ስለዚህ ከክፍሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ መጽሐፉን የሚያነበው ማን ነው? ልጁ ራሱ ወይስ ሌላ ሰው ለልጁ? የ2ኛ ክፍል ልጅ አያቱ የሚነግሩትን ረጅም ተረት ሳይሰለች ይሰማል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ቀድሞ ይናገራል። ያንኑ ተረት ታትሞ ቢሰጡት ግን ፊደል እየለቀመ አንድ መስመር ላይ ይቆያል፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ጆሮው ከዓይኑ ይቀድማል፤ ይህ ክፍተት ደግሞ ቶሎ አይዘጋም፣ ብዙ ልጆች ላይ እስከ 6ኛና 7ኛ ክፍል ይዘልቃል። ለጆሮ የሚገዛው መጽሐፍ ከልጁ ክፍል ሁለት ሦስት ዓመት ከፍ ቢል ጥሩ ነው፤ አዲስ ቃል የሚገባው በዚያ በኩል ነውና። ለዓይን የሚገዛው ግን ልጁ ዛሬ ካለበት ደረጃ ላይ መሆን አለበት። አቅሙ ሁለት መጽሐፍ የሚችል ወላጅ አንዱን ለዚህ፣ አንዱን ለዚያ ይግዛ።

አንድ ገጽ አስነብቡት

ሽፋኑ ላይ «ከ6 እስከ 9 ዓመት» ተብሎ የሚጻፈው የአሳታሚው ግምት ነው። በገጠሩ በኩል ትምህርት ቤት ዘግይቶ የሚገባ ልጅ ስላለ ዕድሜና ንባብ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ከዚህ የሚሻለው መጽሐፉን መሐሉ ላይ ገልጦ ልጁን ጮክ ብሎ ማስነበብ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ብዙ ጊዜ ከሌላው ስለሚቀል ለመፈተኛ አይሆንም። 100 ቃል ያህል ያንብብ፤ እናንተ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለትን ቃል ብቻ ቁጠሩ። የሳተው እስከ 5 ከሆነ መጽሐፉን ብቻውን ይወጣዋል። ከ6 እስከ 10 ከሆነ አጠገቡ ሰው ተቀምጦ ያንብበው። ከ10 ካለፈ መጽሐፉ ለጆሮ ይሁን። የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ በሙሉ 100 ቃል ላይሞላ ይችላል፤ ያኔ 20 ቃል ወስዳችሁ አንድ ቢስት ደህና ነው፣ ከሁለት በላይ ከሳተ ከባድ ነው በሉ።

አማርኛ ላይ ሲቆጠር ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛው የቃላችን ርዝመት ነው። «አላስቀመጠችላቸውም» አንድ ቃል ናት፤ ማን፣ ለማን፣ አዎን ወይስ አይደለም የሚለውን ሁሉ ይዛለች። ልጁ መሐል ላይ ቆም ብሎ ቆርጦ ቢያነባት ስሕተት አይደለም። ሁለተኛው ጽሑፋችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አለመለየቱ ነው። «ሰይድ ዋና ይወዳል» የሚለውን አስነብቡት። «ና»ን አላልቶ ካነበበ ነገሩ ስለ ውኃ መሆኑ ገብቶታል። «ዋና መንገድ» እንደሚባለው አጥብቆት ምንም ሳይመስለው ከቀጠለ ግን ፊደሉን እንጂ ሐሳቡን አልያዘም። አጥብቆት ሲያበቃ ቆም ብሎ መልሶ የሚያርም ልጅ እየተረዳ ነው፤ ያንን በስሕተት አትቁጠሩበት። ይልቅ ሳይደነቃቀፍ እየሮጠ፣ እንዲህ ያሉ ቃላትን ሁሉ በአንድ ዜማ የሚያልፈው ልጅ ነው ቀለል ያለ መጽሐፍ የሚያስፈልገው። ወላጅ በፍጥነቱ ተደስቶ ከባድ መጽሐፍ የሚገዛለትም ይኸው ልጅ ነው።

1ኛና 2ኛ ክፍል፦ የሥዕል መጽሐፍ ወይስ የተረት ስብስብ?

ለዓይን ከሆነ ያለ ጥርጥር የሥዕል መጽሐፍ። ከ16 እስከ 24 ገጽ፣ በየገጹ አንድ ወይም ሁለት አረፍተ ነገር፣ አረፍተ ነገሩም ከ4 እስከ 7 ቃል። ማስመሪያ ይዛችሁ ፊደሉን ለኩት፤ ቁመቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። «በ»ን ከ«ሰ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ጠ»ን ከ«ጨ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ወይም እግር ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ ቀድሞ የሚጠፋው እሷው ነው። 3ኛና 4ኛ ክፍል ሲደርስ አራት ሚሊ ሜትር፣ ከ5ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ሚሊ ሜትር ይበቃል።

መጽሐፍ ቤት ቆማችሁ በአንድ ደቂቃ የምታዩአቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። የመስመር መጨረሻ ላይ ቃል ተሰብሮ ወደ ታች ወርዷል ወይ? የቆዩ ኅትመቶች ቃሉን ያለ ምንም ምልክት ይሰብሩታል፤ ለአዋቂ ምንም አይደለም፣ ለጀማሪ ግን አንዱ ቃል ሁለት የማይታወቁ ቃላት ይሆንበታል። ፊደላቱስ ወጥ ናቸው? ገጽ 3 ላይ «ፀሐይ»፣ ገጽ 7 ላይ «ጸሀይ» የሚል መጽሐፍ አንድ ቃል በዓይኑ መልክ ለመያዝ የሚታገለውን ልጅ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የትኛው ትክክል ነው ብሎ መከራከር ለዚህ ልጅ አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሳድስ ፊደል የበዛበት ረጅም ቃልም ተመልከቱ። የሳድስ ቅርጽ እንደ ካዕብና ሣልስ አንድ መንገድ አይከተልም፣ ድምፁም አንዳንዴ ይሰማል አንዳንዴ ይዋጣል፤ ልጆች ብዙ የሚቆሙት እዚያ ላይ ነው።

የተረት ስብስብ ቦታው ጆሮ ነው። በአንድ ጥራዝ ብዙ ተረት ስለሚይዝ ከዋጋው አንጻር የሚተካከለው የለም፣ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያየ ክፍል ያሉ ልጆች ካሉም ሁሉንም ያገለግላል። ግን ስብስብ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ተረቱን በግማሽ ገጽ አሳጥሮ ከሥሩ ምክር ይለጥፍበታል፤ ጅቡ መጣ፣ ጦጣዋ አታለለችው፣ አለቀ። ልጅ የሚወደው ንግግሩን ነው፦ ጅቡ ምን አለ፣ ጦጣዋ ምን ብላ መለሰች። ሦስት ተረት በዘፈቀደ ገልጣችሁ የጥቅስ ምልክት ፈልጉ። ንግግር ያለበት፣ ከ2 እስከ 4 ገጽ የሚሄድ ተረት ለማንበብም ለመስማትም ይጥማል። ንግግር የሌለውን ተዉት፣ ተረቱን የምታውቁት ከሆነ በቃላችሁ ብትነግሩት ይሻላል።

3ኛና 4ኛ ክፍል

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ደረጃ ነው። ልጁ ፊደል ጨርሷል፣ የሥዕል መጽሐፍ «የሕፃን ነው» ማለት ጀምሯል፣ ረጅም መጽሐፍ ደግሞ ገና አይችልም። የሚበጀው ከ32 እስከ 64 ገጽ የሆነ፣ ከ3 እስከ 5 ገጽ በሚሄዱ አጫጭር ምዕራፎች የተከፈለ፣ በየሁለት ሦስት ገጹ ሥዕል ያለው ታሪክ ነው። ምዕራፍ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ በአንድ ቁጭታ አንድ ነገር ጨርሶ ይነሣል። ያገኛችሁት መጽሐፍ ተከታታይ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ፤ ሰዎቹን ስለሚያውቃቸው ሁለተኛው መጽሐፍ ይቀልለታል።

የካርቱን መጽሐፍ ንባብ አይደለም የሚሉ ወላጆች አሉ። ንባብ ነው፣ በተለይ ማንበብ ለሚሸሽ ልጅ። የሚጠነቀቁለት ነገር የፊደሉ ዓይነት ነው፤ ፊኛው ውስጥ ያለው ጽሑፍ የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ከሆነ «ሳ» እና «ላ» ይምታቱበታል።

የተተረጎመ ወይስ በአማርኛ የተጻፈ? የአገሩ ነገር ያለበት በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ይቀላል፤ ይህ ማለት ግን የተተረጎመው ይቅር ማለት አይደለም። በረዶና ባቡር የማያውቅ ልጅ ስለ በረዶና ባቡር ቢያነብ ይደሰታል። የሚያስቸግረው ትርጉሙ ነው። አንድ አንቀጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «የሚለው የነገረው ያየው ልጅ» እያለ የሚደራረብ ከሆነ፣ ግሡ ላይ ሳትደርሱ ትንፋሽ ካለቀባችሁ፣ የ4ኛ ክፍል ልጅም ማን ምን እንዳደረገ ጠፍቶት ነው የሚደርሰው። 12 ቃል አካባቢ ላይ አራት ነጥብ የሚያደርግ መጽሐፍ ይምረጡለት።

ወሎ ላይ አንድ ሌላ መመዘኛ ይጨመር። እዚህ አንድ ወንበር ላይ ከድጃና ወለተ ኪዳን አብረው ይቀመጣሉ፣ በአንድ ቤት ውስጥም ሁለቱ ሃይማኖት የሚገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የቤታችሁን ወይም የክፍላችሁን መጻሕፍት ዘርግታችሁ የልጆቹን ስምና በዓላቱን ተመልከቱ። ገና፣ ጥምቀት ብቻ ከሆነ፣ ወይም አረፋና መውሊድ ብቻ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚገዛው ከጎደለው በኩል ይሁን። ላስታ በኩል አሸንድዬ፣ ቆቦ በኩል ሶለል የሚጫወቱ ልጃገረዶችን የሚያሳይ መጽሐፍ ብታገኙ አትለፉት። አንድ መጽሐፍ ሁሉንም እንዲይዝ አይጠበቅም፤ መደርደሪያው ግን ይያዝ።

ሁለት ቋንቋ ያለው መጽሐፍ

አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያሉበት መጽሐፍ «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ተብሎ ይገዛል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ልጁ የሚያነበው የቀለለውን ብቻ ነው፤ ሌላውን ዓይኑ ይዘለዋል። ስለዚህ አማርኛው ለብቻው መፈተኛውን ማለፉን እዩ። ሁለቱ ጽሑፍ አንድ ገጽ ላይ ከላይና ከታች ካለበት፣ ትይዩ ገጽ ላይ ያለበት ይሻላል፤ አንዱን በወረቀት ሸፍኖ ሌላውን ማንበብ ይቻላልና። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ የሚስማማው ለታላቅ ወንድም ወይም እኅት ነው።

ከሚሴና ባቲ ያሉ ልጆች ነገር ለብቻው ይታይ። ኦሮምኛን በቁቤ (በላቲን ፊደል) የሚማር፣ አማርኛን በግእዝ ፊደል፣ ቁርኣንን ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ በዐረብኛ የሚቀራ ልጅ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይዟል። ይህ ሸክም አይደለም፣ ሀብት ነው፤ ግን መጽሐፍ ሲመረጥ መታወቅ አለበት። በቁቤ «ሲ» የምትባለዋ ፊደል «ጭ» ናት፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። ያው ልጅ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ ያለበትን መጽሐፍ ይዞ እንግሊዝኛውን በቁቤ ድምፅ ቢያነበው የሰነፈ እንዳይመስላችሁ፤ የተማረውን ነው ያደረገው። ለዚህ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ኦሮምኛና አማርኛ ያለበት መጽሐፍ ይሻላል፤ ፊደሎቹ ፈጽሞ ስለማይመሳሰሉ አይጋጩበትም። አፍ መፍቻው ኽምጥኛ የሆነ የሰቆጣ ልጅም በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈ አንድም ቢሆን ካገኘ፣ ቀጭንም ቢሆን፣ ከእሱ ይጀምር።

5ኛና 6ኛ ክፍል፦ ልብ ወለድ ወይስ የዕውቀት መጽሐፍ?

በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች፣ በተለይ ታሪክ ነገር የማይስባቸው፣ ስለ እንስሳ፣ ስለ ሕዋ፣ ስለ ሰውነት ክፍል የሚያነቡት ይመቻቸዋል። ሁለቱንም ስጡ፤ ልጁ ራሱ የሚያነሣውን ተከተሉ። የዕውቀት መጽሐፍ ግን ስሕተት ካለበት ስሕተቱ አብሮ ስለሚያድግ መጣራት አለበት፤ ለዚህም ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

የሚቀናው በምታውቁት መጀመር ነው። መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ ከሆነ ላሊበላን ፈልጉ፦ ከዐለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው ይላል? የውጫሌ ውል የተፈረመበት ቦታ እዚሁ አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ መሆኗን ይናገራል ወይስ ስሙን ብቻ ጠርቶ ያልፋል? ከዚያ ዘመን አቆጣጠሩን እዩ። ውሉ በ1881 ዓ.ም. ነው፣ በአውሮፓውያን 1889። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 1974። ከውጭ ጽሑፍ የተቀዳ መጽሐፍ «ድንቅነሽ በ1974 ዓ.ም. ተገኘች» ካለ አዘጋጁ ሁለቱን አቆጣጠር ሳይለይ እየገለበጠ ነው፤ ሌሎቹ ዓመቶችም በ7 ወይም በ8 ዓመት የተዛቡ ናቸው ብላችሁ ጠርጥሩ። ስለ ሕዋ ከሆነ ፕሉቶን ፈልጉ። ከፕላኔቶች ዝርዝር የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ «ዘጠኙ ፕላኔቶች» የሚል መጽሐፍ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ነው ወይም ከዚያ በፊት ከተዘጋጀ የተቀዳ። መጽሐፉን መጣል አያስፈልግም፣ ልጁ ግን ገጹ ላይ በእርሳስ እንዲያርመው አድርጉ፤ መጽሐፍም ሊሳሳት እንደሚችል ማወቅ በራሱ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ተፎካካሪ አጋዥ መጽሐፍ ነው፤ የብዙ ወላጅ ገንዘብ የሚሄደውም ወደዚያ ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የጥያቄ መልመጃ ያስፈልጋል፣ እሱ አያከራክርም። ነገር ግን አጋዥ መጽሐፍ ሁለት መስመር አንብቦ አንዱን ፊደል መምረጥ ነው የሚያስለምደው። ረጅም ጽሑፍ ይዞ መዝለቅን አያስለምድም፤ ፈተና ላይ ረጅም ምንባብ ሲመጣ የሚወድቀውም ያው ልጅ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እስከ 6ኛ ክፍል ታሪክ ይገዛለት፤ አጋዡን ከጓደኛ ተውሶ መሥራት ይችላል።

7ኛና 8ኛ ክፍል

እዚህ ላይ የአማርኛ መደርደሪያ ይሳሳል። ከተረት በኋላ ያለው ቀጥታ የአዋቂ ልብ ወለድ ነው፤ በመሐል ለ13ና ለ14 ዓመት ልጅ ተብሎ የተጻፈ ረጅም ታሪክ ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት በአራት ነገር መሙላት ይቻላል፤ እንደ ልጁ ዝንባሌ።

የሚመርጥ ልጅ ከሆነ አጭር ልብ ወለድ ስብስብ የተሻለ መጀመሪያ ነው። አንዱ ካልጣመው ሁለተኛውን ያነባል፤ 300 ገጽ ልብ ወለድ ላይ ግን 20ኛው ገጽ ላይ ቆሞ መጽሐፍ ሁሉ ይሰለቸዋል። ሁለተኛው የሕይወት ታሪክ ነው፦ ሯጭ፣ ሐኪም፣ አርበኛ፣ ፈልሳፊ። እውነት መሆኑ ይስበዋል። ሦስተኛው የጀብዱ ልብ ወለድ ትርጉም ሲሆን፣ ከላይ ያለው የትንፋሽ መፈተኛ ለዚህም ይሠራል። አራተኛው ግጥም ነው፤ ወሎ ላይ ይህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይሰምራል። መንዙማ፣ የአንቺ ሆዬና የባቲ ቅኝት ዘፈን እየሰማ ያደገ ልጅ ቤት መምታትን በጆሮው ያውቃል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» አጫጭር ታሪኮችን በግጥም ስለሚናገር ጮክ ብሎ ለማንበብ እስከ ዛሬ ይመቻል፤ የቃላቱ ጥንታዊነት ግን አጠገቡ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል።

የአዋቂ ልብ ወለድ የምትሰጡት ከሆነ ከ200 ገጽ የማይበልጥ ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾችና መሐል ላይ አንድ ምዕራፍ ራሳችሁ አስቀድማችሁ አንብቡ። ልጁም 30 ገጽ አንብቦ ካልያዘው እንዲተወው ፍቀዱለት። ጨርስ ተብሎ የተገደደ ልጅ ገጽ ይገልጣል እንጂ አያነብም።

በነጻ የሚገኙትና የፎቶ ኮፒው ነገር

መጽሐፍ ቤት የሌለበት ወረዳ ያለ አስተማሪ አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር የተባሉትን ድረ ገጾች ይመልከት። አማርኛም ኦሮምኛም አላቸው፣ ታሪኮቹ በክፍት ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ አትሞ ማደል ይቻላል። ትርጉሙ ግን ከታሪክ ታሪክ ይለያያል፤ ከማተማችሁ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። የስቶሪዊቨር ደረጃ አመዳደብ ደግሞ በአንድ ታሪክ ውስጥ ያሉትን ቃላት ብዛት ጭምር የሚያይ ነው፤ ያው ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመጣ ቃሉ ያንሳል፣ እያንዳንዱ ቃል ግን ይረዝማል። ስለዚህ ደረጃ 1 የሚለውን አይታችሁ ለ1ኛ ክፍል ነው ብላችሁ አትለፉ፣ አስነብባችሁ ፈትኑት።

ሲታተም ፒዲኤፉን ይዛችሁ ሂዱ፤ በወርድ ፋይል ከሄደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የግእዝ ፊደሉ ከሌለ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። አንዱ ኤ4 ወረቀት ሁለት ፊት ታትሞ መሐሉ ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሰጣል፤ ስለዚህ 16 ገጽ 4 ወረቀት፣ 24 ገጽ 6 ወረቀት ነው። የገጹ ቁጥር ለ4 ካልተካፈለ ባዶ ገጽ ጨምሩ፣ አለበለዚያ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። ማተሚያው ላይ «ቡክሌት» የሚለውን አስመርጡ። ባለ ቀለም ሥዕል በጥቁርና ነጭ ሲታተም ጥቁር እድፍ ይሆናል፤ በመስመር የተሳለ ሥዕል ያለውን ታሪክ ምረጡ። ሁሉንም ከማባዛታችሁ በፊት አንዱን አሳትማችሁ፣ አጥፋችሁ እዩት።

ጥራዙን በተመለከተ ቀጭን መጽሐፍ እጥፋቱ ላይ በሁለት ሽቦ ከተሰፋ ይበረክታል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ቀጭን መጽሐፍ ልጅ ወደ ኋላ ሲያጥፈው ገጹ ይረግፋል፤ ኮምቦልቻና ባቲ ሙቀት ላይ ደግሞ ሙጫው ደርቆ ቶሎ ይሰነጠቃል። ደሴ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ የክረምቱ ጭጋግ ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ ግድግዳ ላይ የተጠጋ መደርደሪያም ያሻግታል። መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል አርቁት፣ ፀሐይ በወጣ ቀንም መጻሕፍቱን አውጥታችሁ አናፍሱ።

ለክፍል የሚገዛ ከሆነ

40 ልጅ ላለበት ክፍል 40 ዓይነት መጽሐፍ በአንድ አንድ ቅጂ መግዛትም፣ አንዱን መጽሐፍ በ40 ቅጂ መግዛትም አይመከርም። የመጀመሪያው ላይ ስለ አንድ መጽሐፍ አብሮ የሚያወራ አይኖርም፤ ሁለተኛው ላይ ክፍሉ በአንድ ሳምንት ጨርሶት የሚያነበው ያጣል። 8 ወይም 10 ዓይነት፣ እያንዳንዱን በ4 ወይም በ5 ቅጂ ግዙ። አራት አምስት ሆነው ተቀምጠው አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ በየመጽሐፋቸው ይከተላሉ፣ በየገጹ ይቀያየራሉ። ከዓይነቶቹ ሦስቱ ከክፍሉ ደረጃ ዝቅ ያሉ ይሁኑ፤ ፊደል ላይ ገና ያሉ ልጆች በየክፍሉ አሉ። አንዱ ደግሞ ከፍ ያለ ይሁን፣ እሱን አስተማሪው ዓርብ ዓርብ አንድ ምዕራፍ እያነበበ ያሰማ። መጻሕፍቱ ቁልፉ ከአንድ ሰው ኪስ በማይወጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በካርቶን ሆነው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡ፤ የወሰደውን ልጅ ስምና ቀኑን የሚመዘግቡ ሁለት ተማሪዎች በየወሩ ይመረጡ።